የክፍሉ ዝንብ

«እትዬ በለጡ፣ ለዚያ ሰውዬ ቁርሱ እየቀዘቀዘ ነው በይልኝ።»

እንዲህ የምትለኝ ጎረቤቴ ተሻለች ናት፤ ያ ሰውዬ የተባለው ባሏ፣ ፀጉር አስተካካዩ ክፍሉ ነው። የተቀመጠው እዚያው ጎኗ፣ እጇን ብትዘረጋ ጆሮውን የምትቆነጥጥበት ቦታ ላይ ነው። እኔ ግን ከግቢው ማዶ ልብስ አሰጣለሁ። ከተኳረፉ ወዲህ በመሃላቸው ያለው ስልክ እኔ ነኝ፤ አንዱ ይደውላል፣ እኔ አቀብላለሁ። «ክፍሉ፣ ቁርስህ ቀዘቀዘ» አልኩት። «ሰምቻለሁ በያት» አለኝ። «ሰምቷል» አልኳት። እንዲህ ስንባባል የእሁዷ ፀሐይ ቆርቆሮውን ማንጫጫት ጀመረች። ድሬዳዋ ላይ ጠዋት ማለት ጥላ ፍለጋ የሚጀመርበት ሰዓት ነው። ክፍሉ ዳቦውን ከፉሉ አጥቅሶ ወደ አፉ ሲያደርስ፣ ግራ እጁ ሳትጠራ ብድግ አለችና ከጉንጩ አጠገብ አየሩን ጨበጠች። የዝንብ አያያዝ ነው። ቀስ ብሎ መዳፉን ገልጦ አየ፤ ባዶ ነው። እኔም ዝንብ አላየሁም። ተሻለች ሰሃኑን አነሳችና ወደ እኔ ዞረች፤ «ዳሃቦ እሁድ ሻሂ ቤቷን አትከፍትም በይው። እጁን ያሳርፍ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የክፍሉ ፀጉር ቤትና የእኔ ሱቅ በአንዲት ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ የተለያዩ ጎረቤታሞች ናቸው፤ እሱ ሲያስነጥስ እኔ ይማርህ እላለሁ። ከመንገዱ ማዶ ዳሃቦ በሸራ ጥላ ሥር የግመል ወተት የገባበት ሻሂ ትሸጣለች። ደንበኛ ሲጠፋ ክፍሉ በሩ ላይ ይቆማል። በዚያ ሰሞን ታዲያ ቆሞ እጁን ያነሳል። ዳሃቦ ጨዋ ሶማሌ ነች፣ ሰላም ያላትን አትንቅም፤ እሷም እጇን ታነሳለታለች። እሱ መልሶ ያነሳል፣ እሷም ትደግማለች። አንድ ቀን ተሻለች ምሳውን ይዛ ስትመጣ ሁለቱም እጃቸውን እንዳነሱ ደረሰች፤ ምሳውን ለእኔ አስረከበችና ተመለሰች፤ ከዚያ በኋላ ለባሏ ቃል አልተነፈሰችም። ይባስ ብሎ ደግሞ ክፍሉ ሰው ሲላጭ ግራ ዓይኑን መጨፈን አምጥቶ ነበር። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው በመስታወቱ ሲያየው የጠቀሰው ይመስለዋል፤ አንዳንዱም ደንበኛ ለምን እንደሆነ ሳይገባው መልሶ ይጠቅሰዋል። እኔም ለተሻለች ፈርጄ ነበር። እጅ ካለምክንያት አይነሳም፤ ዓይንም ካለምክንያት አይጠቅስም ብዬ።

የዚያን እሁድ የቀበሌ ስብሰባ ነበረ። የቀረ ሰው የስኳር ድርሻውም አብሮ ይቀርበታል፤ ስለዚህ አገር በሙሉ ነቅሎ ወጣ። ተሻለች ነጠላዋን አጣፍታ እንደተቆጣች ዶሮ ፊት ፊት ሄደች። ክፍሉ እጅጌዬን ያዝ አደረገኝ። «እትዬ በለጡ፣ ቀስ በይልኝ» አለ። ዳቻቱ ወንዝ ደርቆ አሸዋው ላይ ግመሎች ተኝተዋል፤ በዳሩ ቀስ እያልን ሄድን። «ዝንብ የለችም» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። «ያለችው ዓይኔ ውስጥ ነው» አለ።

ይህን ሲለኝ መጀመሪያ ጫቱ ነው ብዬ አሰብኩ። እሱ ግን በደንብ አስረዳኝ፤ የሚያስረዳው ደግሞ እንደ ደንበኛ ጢም ጥርት አድርጎ ነው። ሆስፒታል ካለው የኩባ ሐኪም ዘንድ ሄዷል። ሐኪሙ ጠብታ ጨምሮ፣ በግንባሩ መብራት አስሮ፣ እንደ ጉድጓድ አጎንብሶ አየው። በዓይን ጀርባ በኩል ስስ ሽፋን አለች አለው በአስተርጓሚ፤ የምናየው በእሷ ነው። የክፍሉ ሽፋን ላይ ያሉት የደም ሥሮች ምክንያቱ ባልታወቀ ነገር ታመው ተደፍነዋል፤ በምትካቸው ሌሎች ሥሮች እንደ አረም አለቦታቸው በቅለዋል። የበቀሉት ደግሞ ስሶች ስለሆኑ ያፈሳሉ። አንዲት ጠብታ ደም ስትፈስ ዓይኑ ውስጥ ትንሳፈፋለች፤ ዝንብ መስላ የምታልፈው የገዛ ደሙ ጥላ ነች። «እንዲህ ያለ በሽተኛ በስንት ዓመቱ አንዴ ነው የማየው ብሎኛል» አለኝ ክፍሉ፣ እንደ መኩራራትም እያደረገው። ከዚያ ድምፁ ወረደ። አንድ ቀን ብዙ ደም ከፈሰሰ ዝንቧ መጋረጃ ትሆናለች፤ ግራው ይጠፋል፤ ቀኙም ሊከተል ይችላል። አዲስ አበባ ግን በጨረር እነዚያን ሥሮች አንድ በአንድ የሚተኩስ መሣሪያ አለ። ኩባዊው እዚያ ላለ ሐኪም ወዳጁ ጽፎ ለረቡዕ ተራ አስይዞለታል። ሰኞ በባቡር መሄድ አለበት፤ ለመሄድ ደግሞ የቀበሌ ይለፍ ያስፈልገዋል።

«ታዲያ ይህን ለሚስትህ አትነግራትም?» አልኩት።

«ለተሻለች ከነገርኩ ለእናቷ ትነግራለች፤ እናቷ ከሰማች ከተማው በሙሉ፣ ከዚራም መጋላም ሰማ። ዓይኑ ደም ለሚያፈስ ፀጉር አስተካካይ ማን ጉሮሮውን ይሰጣል? አንቺ ትሰጪያለሽ?»

ጢም ስለሌለኝ እድለኛ ነኝ አልኩት። ሳቀ። ለዚህ ነው ለካ ሲላጭ ግራውን የሚጨፍነው፤ ዝንቧ እንዳታሳስተው በደህናው ዓይን ብቻ ይሠራል። የሰው ቆዳ ከጫረ ደግሞ ማንም አልሰማም። ስብሰባው ሲያልቅ ሊቀመንበሩን ለብቻው ይዞ የአክስቴ ተዝካር ነው ብሎ ይለፉን ሊጠይቅ አስቧል። አክስቱ በሕይወት አለች፤ ይህን ብትሰማ በእግሯ ድሬዳዋ ትመጣበት ነበር።

አዳራሹ ድሮ የአንድ ግሪክ ነጋዴ የቡና መጋዘን ነው። ግሪኩም ቡናውም ሄደዋል፣ ሽታው ግን አልተወረሰም። ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ የሚዞረው ለወጉ ያህል ነው፤ ሙቀቱን ከአንዱ ራስ ላይ አንስቶ ሌላው ላይ ያስቀምጠዋል። መድረኩ ላይ የቆመው ሊቀመንበራችን ጓድ ገብረ መድኅን ነው። ቀድሞ ባቡር ላይ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበርና አሁንም ሰው ሲያይ ትኬትህን አሳይ የሚል ይመስላል። ሪዙን ግን ልመስክርለት፤ እንደዚያ ዓይነት ሪዝ በከተማው የለም። ጫፍና ጫፉ እኩል፣ በሚዛን የተመዘነ፤ በየሳምንቱ የሚመዝነውም ክፍሉ ነው። ጓዱ ስለ ኢምፔሪያሊዝም ተናገረ፣ ስለ ምርት ተናገረ፣ ውሃ ጠጣ፣ ስለ ምርት ደገመ። ከዚያ ወደ ጉዳዩ መጣ። ጥጥ ለቀማ ሁለት ወር የሚዘምት ሰው ከላይ ተጠይቋል፤ መኪናው ሰኞ ማለዳ ይነሳል። «በፈቃደኝነት የሚሄድ እጁን ያውጣ» አለ።

አገር በሙሉ ጫማውን አዲስ እንደገዛ ሰው አጎንብሶ ይመረምራል። ያን ጊዜ ከጎኔ አንዲት እጅ ብድግ አለች። ግራ እጅ ነች፤ በዚያ ዘመን ቀኝ እጅ ለምግብ፣ ግራ እጅ ለመፈክር ነው። ደግሞም ዝንቧን የያዛት መስሎት ጨብጧታል። ጡጫ ሆነች። ከዚያ የበለጠ አብዮታዊ እጅ በድሬዳዋ ታይቶ አያውቅም።

«ጓድ ክፍሉ!» አለ ሊቀመንበሩ፣ ድምፁ በደስታ ተሰንጥቆ። «ይሄ ነው እንጂ! አጨብጭቡለት!» ጫማውን ሲያይ የነበረው ሁሉ ቀና ብሎ አጨበጨበ። የተረፈ ሰው ጭብጨባ ደግሞ ይደምቃል።

ክፍሉ እጁን አወረደና መዳፉን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ዝም ካለ ነገ ጥጥ ሜዳ ነው፣ ረቡዕ ያልፋል፣ ዓይኑም አብሮ ያልፋል። ከተናገረ ደግሞ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያለው አንገት በሙሉ የእሱ እንጀራ ነው። ዙሪያውን እነዚያን አንገቶች አያቸው፤ ሁሉንም በጠባሳቸው ያውቃቸዋል። ተነሳ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ እጄን አላወጣሁም።»

«ታዲያ ያ የማን እጅ ነው?»

«የኔ ነው። ግን ዝንብ ልይዝ ነው።»

ሳቁ ማራገቢያውን ያስቆመው መሰለኝ። ክፍሉ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀና ሁሉንም ተናገረ፤ ሥሮቹን፣ ደሙን፣ ረቡዕን፣ ጨረሩን። ሲጨርስ የሚስቅ አልነበረም። ከፊቱ የተቀመጠው ጨርቅ ሻጩ አብዱሰመድ አንገቱን በሁለት እጁ ያዘ፤ «ወላሂ፣ ትናንት ላጭቶኛል!» አለ። ወንዱ በሙሉ አንገቱን ይደባብስ ጀመር። አንዲት ሴት ድምፅ ግን ከኋላ ተነሳች፤ ዳሃቦ ነች። «አቦ ክፍሉ! ሰላም የምትለኝ መስሎኝ እኮ ነው! አንተ ዝንብ ስታባርር እኔ ክረምቱን ሙሉ እጄን ሳወዛውዝ ከረምኩ? ሚስትህ ዓይኗን ስታጉረጠርጥብኝ ምን በደልኳት እያልኩ!» ትንሽ አሰበችና ጨመረች፤ «መተኮስ ከሆነ ደግሞ አጎቴ አብሺር አለ። በጋለ ብረት ቆንጆ አድርጎ ይተኩሳል። አዲስ አበባ ድረስ ምን አደከመህ?»

ተሻለች ተነሳች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል፤ አላነሳችውም። እኔ ከልማዴ መልእክቱን ልቀበል አፌን ከፈትኩ፤ ወደኔ ግን አላየችም። «ክፍሉ» አለችው፣ በቀጥታ። «ለምን አልነገርከኝም?» እሱም በቀጥታ፣ «ፈርቼ» አላት። በቃ፤ ይኸው ነው የተባባሉት። እኔ ከሥራ ተሰናበትኩ።

ሊቀመንበሩ ግን ተጨንቋል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን ከላይ የተጠየቀው ሰው አልሞላለትም። ከኋላ በኩል ደግሞ አንዱ ሰውዬ «እኔም አልፎ አልፎ አንዳንድ ነገር ይታየኛል» ማለት ጀምሯል፤ ሌላው ዓይኑን እያሸ ነው። ጥቂት ቢቆይ ቀበሌው በሙሉ ዝንብ ሊወረው ነው። «ጓዶች!» አለ ጠረጴዛውን መትቶ። «ዓይኑን እንየው። ቀላ? አበጠ? እንደ ሚዳቋ ዓይን ያማረ ነው። የሚስት ምስክርነት አይቆጠርም፤ የሻሂ ሻጭም አይቆጠርም። ምስክሩ ሥራው ነው። ዕቃውን አምጡለት። እዚሁ ይላጨኝ። ከላጨኝ ያያል፤ ካየ ይዘምታል።»

ዕቃው መጣ፤ ፀጉር ቤቱ ከአዳራሹ ጀርባ ነውና አልዘገየም። ሊቀመንበሩ መድረኩ ላይ ወንበሩን አስደግፎ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጣለ። ፎጣ አንገቱ ላይ፣ አረፋ ጉንጩ ላይ። እኔና ተሻለች በጎን በኩል ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ነን፤ ሌላው ሰው የሚያየው የክፍሉን ጀርባ ነው። ክፍሉ ምላጩን በቀበቶው አፋጨው፤ ድምፁ ብቻ ሰውን ያሳክካል። አጎነበሰ፤ እንደ ወትሮው ግራ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ላጨ። ምን ብዬ ልንገራችሁ፤ እጁ እኮ ከዓይኑ በፊት መንገዱን ታውቀዋለች። ጉንጩ ላይ ወረደ፣ አገጩን ዞረ፣ ጉሮሮው ላይ ሲደርስ የአዳራሹ ሰው በሙሉ ምራቁን ዋጠ፣ ምላጩ ግን እንደ ሐር ጨርቅ አለፈ። አንዲት ጠብታ ደም የለም። «አያችሁ?» አለ ሊቀመንበሩ ከአረፋው ሥር። «ጥርት አድርጎ ያያል። ጓድ ክፍሉ፣ ነገ ማለዳ መኪናው ዘንድ።»

የሰው ትንፋሽ ወጣ። አብዱሰመድ እንኳ አንገቱን ለቀቀ፤ «ያው የኛ ክፍሉ ነው አቦ» አለ። እኔ ግን የክፍሉን ፊት አየሁት። በዚያች ደቂቃ እንጀራው ተመልሶለታል፤ ዓይኑ ግን ሄዷል። ምላጩን ፎጣው ላይ ጠረገ። ተሻለችን አያት። «ሪዙ ቀርቷል፣ ጓድ» አለ ቀስ ብሎ። «ላስተካክለው?» «አስተካክለው» አለ ሊቀመንበሩ። ክፍሉ እንደገና አጎነበሰ። ግራ እጁ ድንገት ተነሳችና አየሩን ጨበጠች፤ ቀኙ በዚያው ቅጽበት ሸርተት አለች።

ግማሹ ሪዝ ፎጣው ላይ ተኝቷል፤ እንደ አባጨጓሬ።

ክፍሉ «ዝንቧ» ብሎ ብቻ ምላጩን አስቀመጠ። ሊቀመንበሩ ቀና አለ፤ ከንፈሩን ዳሰሰ፤ መስታወት ጠየቀ። በአንድ ወገን ጓድ ገብረ መድኅን ነው፣ በሌላው ወገን እናቱን የሚመስል ሰው። ረጅም ጊዜ አየ። መስታወቱን አውርዶ ደግሞ ክፍሉን አየው፤ ክፍሉም አላጎነበሰም። ሁላችንም የሚታሰር መሰለን። «ይለፉን ጻፉለት» አለ በመጨረሻ። «ይሄ ሰውዬ ጥጥ ለቀማ ቢሄድ የሰው ጣት ለቅሞ ነው የሚመጣው። ይሂድና ይታከም። ስብሰባው አልቋል።» መሐረቡን አፉ ላይ አድርጎ፣ ጥርሱን እንደታመመ ሰው፣ በጓሮ በር ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ለቅሶ ቤት ይመስል ነበር። ሰው እየመጣ አይዞህ ይላል፣ የአዲስ አበባን ሐኪም ያመሰግናል፣ ሲወጣ ግን ጉንጩን እያሻሸ «እንግዲህ እኔም ጢሜን ላሳድገው አስቤያለሁ» ይላል። አብዱሰመድ ሳይቀር አለ፤ ጢሙ ደግሞ ሦስት ቦታ ብቻ ነው የሚበቅለው። ክፍሉ ለሁሉም «ያምርብሃል» እያለ ይሸኛል። የማይሳሳተው እጅ የሚባለው ስሙ በአንድ ግማሽ ሪዝ ሄደ። ተሻለች ቤት ውስጥ ለመንገድ ዳቦ በጨርቅ ትጠቀልላለች፤ ዳሃቦ የላከችውን ወተት በጠርሙስ ትሞላለች፤ እየሠራች ከባሏ ጋር ትነጫነጫለች፤ ሹራብህን ያዝ፣ አዲስ አበባ ብርድ ነው፣ ሰው አትመን። እኔን የሚፈልገኝ የለም። ገባሁና ጎኗ ቁጢጥ አልኩ።

«ተሻለች» አልኳት በሹክሹክታ። «ዝንቧ እኮ በግራ ዓይኑ ነው የምትታየው።»

«እህ።»

«ሪዙን ሲቆርጠው ደግሞ ግራ ዓይኑ ጭፍን ነበር። አይቼዋለሁ። በተዘጋ በር ዝንብ በየት ትገባለች?»

ተሻለች ዳቦውን አጥብቃ ቋጠረችው። ከዚያ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ጥርሷን አየሁት። «ዝም በይ አንቺ ሴትዮ። ግድግዳ ጆሮ አለው።»

«የግድግዳው ጆሮ እኮ እኔው ነኝ» አልኳት።

ክፍሉ ከጥምቀት በፊት ተመለሰ። ጨረሩን ሲያወራው ፀሐይን በመርፌ ቀዳዳ አሳልፈው ዓይኑ ውስጥ የላኩበት ይመስላል፤ አንድ፣ ደግሞ አንድ፣ ደግሞ አንድ፣ እንባው እየፈሰሰ፣ የሚያፈሱትን ሥሮች ተኩሰው አደረቋቸው። ከግራው ዓይን ጥግ የጠፋው ጠፍቶ ቀረ፤ የቀረው ግን ድኗል፣ ቀኙም ተርፏል። ዝንቧም ቀስ በቀስ ጠፋች። ፀጉር ቤቱን ከፈተ፣ መስታወቱን ወለወለ፣ በሩ ላይ ቆመ። ማንም አልመጣም። ቀበሌያችን በጢም ተሞልቶ የገዳም ሰፈር መስሏል። አሁን እጁን ሲያነሳ በእርግጥም ለዳሃቦ ሰላምታ ነው፤ ሌላ ሥራ የለውማ።

አንድ ጠዋት ጓድ ገብረ መድኅን መንገዱን አቋርጦ መጣ። ሪዙ በሚገባ በቅሏል። ሻሂ የሚጠጣው ሰው ብርጭቆውን አፉ ላይ እንደያዘ ቀረ። ገብቶ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ የቆዳው ድምፅ በኮምፔንሳቶው ተሰማኝ። ስኳር መመዘኔን አቆምኩ።

«ጢሙን ነው፣ ጓድ?» አለ ክፍሉ።

«ጢሙን። ሪዙንም።»

አረፋው ተመታ፣ ምላጩ ቀበቶው ላይ ተፋጨ። ከዚያ የመላጨት ድምፅ ጀመረ፣ በጉንጭ፣ በአገጭ፣ በጉሮሮ። ድንገት ሊቀመንበሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ፤ ኮምፔንሳቶው ስስ ባይሆን አልሰማውም ነበር።

«ክፍሉ።»

«አቤት ጓድ።»

«ያን ቀን እኔ ከሥርህ ነበርኩ። ከማንም ሰው ይልቅ ለዓይንህ የምቀርበው እኔ ነበርኩ።»

ምላጩ ቆመ። ዳሃቦ ማዶ ላይ ወተቷን ገንፍሎ እስኪፈስ ረስታዋለች።

«ዛሬ» አለ ጓድ ገብረ መድኅን፣ «ሁለቱንም ክፈታቸው።»

ክፍሉ ምን እንደመለሰ አልሰማሁም። ጥቂት ቆይቶ ግን ምላጩ እንደገና ሲሄድ ሰማሁት፣ ቀስ ብሎ፣ ሪዙ ላይ። በሩ ላይ ደግሞ አብዱሰመድ ሦስት ቦታ የበቀለች ጢሙን እያሻሸ ተራ ይጠብቃል።